ሦስት ወራጅ በሰበሰ፤ ጣሪያው ሁሉ ይፍረስ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ቤት በባሕር ዛፍ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ከለበሰ 20 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት በመኝታ ቤቱ ጥግ ውኃ እየገባ እናቴ ድስት ደቅና ከረመች። አሁን ኮርኒሱን ገልጬ ሳየው የሦስት ወራጆች፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከሙት ተዳፋት እንጨቶች፣ ጫፍ ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል። አንዱን በካቻቢቴ ስወጋው እስከ እጀታው ገባ፤ ሲወጣ እንደ እርጥብ አሻሮ የሚፈረፈር ነገር ይዞ ወጣ። ያየው አናጺ ጣሪያው ሁሉ ይፍረስ ይላል። ዐቅማችን አይፈቅድም። ሰኔ ሳይገባ ምን ባደርግ ይሻላል?

አናጺ፣ ከእንጅባራ
እኅቴ፣ ለሦስት ወራጅ ጣሪያ አይፈርስም። ነገር ግን ወራጆቹ የተቀመጡበትን አግዳሚ እንጨት በዚያው ካቻቢቴ ዳር እስከ ዳር ወጊው። እሱ ከተበላ ሥራው ሌላ ነው። ደህና ከሆነ ምንም ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱ ወራጅ ከወለሉ በተነሣ ቋሚ ይደገፍ፤ ቋሚው እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፍ። የበሰበሰው ጤነኛው እንጨት እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ ይውጣ። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ተደርቦ፣ ጤነኛው ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል አብሮ ሄዶ በብሎን ይታሰር። ደረቅ ባሕር ዛፍ በወፍራም ሚስማር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በመሰርሰሪያ ይበሳ። እንጨቱም ልጡ ተልጦ ጥላ ሥር የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ጣሪያ ላይ ሆኖ ይጣመማል። ጽድ ከተገኘ ደግሞ ከባሕር ዛፍ የበለጠ መበስበስን ይቋቋማል።

ከሞጣ
ምስጥም ሊሆን ስለሚችል ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ ጥፋቱ የውኃ ሳይሆን አይቀርም። እኛ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባለን።

መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም
ዘይቱን ከመኝታ ቤት በላይ አይቀቡት፤ ሽታው አይለቅም፣ እሳትም ያቀጣጥላል። ከሁሉ በፊት ውኃው የገባበትን ይፈልጉ። እኔ ወራጅ ለውጬ ቀዳዳውን ሳልፈልግ ቀረሁ፤ በሦስተኛው ክረምት አዲሱ እንጨት ጠቁሮ አገኘሁት፤ ወጪውም ድካሙም ከንቱ ቀረ። ቀትር ላይ በርና መስኮት ዘግተው ከውስጥ ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ብርሃን በነጥብ በነጥብ የሚገባበት ቦታ ውኃም የሚገባበት ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አግዳሚው ደረቅ ነው፤ ካቻቢቴው ጫፉን እንኳ አላስገባም። የምስጥ መስመርም የለም። ቀትር ላይ አምስት የብርሃን ነጥቦች ቆጠርኩ፤ አምስቱም ሚስማር የተመታባቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ ሚስማሩ ያለው በቆርቆሮው ጉድባ ውስጥ ነው። የድሮውን ሚስማር መልሼ ልጠቀምበት?

አናጺ፣ ከእንጅባራ
ጥፋቱ እሱ ነው። ውኃ የሚወርደው በጉድባው ነው፤ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። የድሮውን ተዪው፤ አዲስ የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ግዢ። ከበሰበሱት ወራጆች በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ይነሣ፤ ጉድባው የተበሳ ቆርቆሮም ይለወጥ። የሚወጣው ሰው ሚስማሩ በተሰለፈበት መስመር ብቻ ይርገጥ፤ በሦስቱ ወራጆች በኩል ግን ድጋፉ ሳይቆም ማንም አይውጣ።