ሐምሌ ላይ ከልጆችና ከእናቴ ጋር ባህር፦ ዲያኒ፣ ባምቡሪ ወይስ ዛንዚባር?

የገርጂዋ፦

ሰላም ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ባህር እናሳያቸው ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ሁለት ናቸው፣ የ9 ዓመት ወንድ እና የ4 ዓመት ሴት። እናቴም አብራን ትሄዳለች። 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ባህር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። እኛም ብንሆን የምናውቀው ላንጋኖን ነው። ባለቤቴ ይዋኛል። እኔ ውሃ ወገቤ ጋ ሲደርስ ጸሎት እጀምራለሁ።

ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለን ያገኘናት ብር ስለሆነች መሳሳት አንፈልግም። ሦስት ቦታ ለይተናል። ኬንያ ዲያኒ፣ እዛው ሞምባሳ ባምቡሪ፣ አለዚያ ዛንዚባር ፓጄ የሚባለው ጋ (እዛ አንድ ሆቴል ዋጋው ወርዶ አይቼ ጓጉቻለሁ)። ፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘመም ያለች ዘንባባ። በምን ልለያቸው? የምፈልገው ትንሿ ዳር ዳሩን የምትንቦጫረቅበት፣ ማዕበል የማይጥላት፣ እናቴ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የምታየን ቦታ ነው። ያሰብነው የሐምሌ አጋማሽ ነው፣ ፍልሰታ ሳይገባ እንድንመለስ።

ሁለት ልጆች ያደከሙት፦

እህቴ፣ ፓጄን ተዪው። ቦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም በጣም ያምራል፣ ግን አንቺ ለምትፈልጊው አይሆንም። ላንጋኖን ማታ ትተሽው ብትተኚ ጠዋት እዛው ታገኚዋለሽ። ህንድ ውቅያኖስ ግን ይሄዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ውሃው ሲጎድል በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው።

የኔን ጉድ ልንገርሽ። ሆቴሉ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ባህሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ ይጻፋል። 9፡00 ይላል። እኔ አበሻው ደስ ብሎኝ፣ ምሳ በልተን፣ ልጆቹን ትንሽ አስተኝቼ፣ ልክ በ9 ሰዓት ላስቲክ ዳክዬያቸውን ነፍቼ ይዣቸው ወረድኩ። ባህር የለም! እርጥብ አሸዋ፣ ሳር፣ ችካል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ካንጋ የታጠቁ ሴቶች ጎንበስ ብለው ገመድ ላይ የባህር ሳር ያስራሉ (ያመርቱታል፣ ለውጭ ይሸጣል)። ልጄ «አባዬ፣ ባህሩን ማን ወሰደው?» አለኝ። ለካ የሰሌዳው 9 የፈረንጅ 9 ነው፣ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት፣ በሙላትና በጉድለት መካከልም ስድስት። ስለዚህ ሰዓት የተሳሳተ አበሻ ልክ ባህሩ ባዶ ሲሆን ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ ውሃውን ፍለጋ ስንሄድ ስንሄድ ትልቁ ልጄ የባህር ጃርት ረገጠ። ያ ጥቁር እሾሃም ነገር። ማታውን ሙሉ በመርፌና በፒንሴት ስንለቅም አደርን።

የሚገርመው ግን የጀልባ ሰዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ካሉሽ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ ጠዋት ከሆነ የፈረንጅ 9። በእንግሊዝኛ ሲያወሩሽ ግን ወደ ፈረንጁ ይቀይሩታል። ስለዚህ ሁሌ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለሽ አረጋግጪ።

ዛንዚባር ካላችሁ የሰሜኑ ጫፍ ይሻላል። ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። እዛ ውሃው ሲጎድልም ለዋና የሚበቃ ይቀራል። ከአየር ማረፊያው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና ነው። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 2024 ጥቅምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ የውጭ እንግዳ የመንግሥታቸው ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ለቤተሰብ ሲደመር ቀላል አይደለም።

ናይሮቤው፦

ከላይ ያለው ወንድማችን በሰዓቷ ነገር አስቆኛል፣ እኔም ላይ ደርሳለች።

የኔ ምርጫ ዲያኒ ነው። ናይሮቢ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው፣ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ወደዛ ነው የምወስዳቸው። ምክንያቱ አሸዋው አይደለም፣ ኮራሉ ነው። ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ ረጅም የኮራል አለት እንደ አጥር ተዘርግቷል። ትልልቁ ማዕበል እዛ ላይ ይሰበራል፣ ነጩን አረፋ ከወንበርሽ ሆነሽ ታዪዋለሽ፣ አንቺ ጋ የሚደርሰው የደከመው ነው። የትኛውንም የባህር ዳርቻ ስትመርጪ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከፊት ለፊቱ ኮራል አለው ወይስ ክፍት ባህር ነው? ለትንሿ ልጅሽ ከሆቴሉ ኮከብ ይልቅ ይሄ ይጠቅማታል።

ዲያኒም ላይ ውሃው ይጎድላል፣ እሱን አልደብቅሽም። ግን ሲጎድል አለቱ ውስጥ ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ የባህር ኮከብ ይታያል። ልጆች ከዋናው ይልቅ እሱን ይወዱታል። ብቻ ሁላችሁም የጎማ ጫማ አድርጉ፣ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ኑ። ሌላው፣ አጥሩ በር አለው። ኮራሉ የሚቋረጥበት ቦታ አለ፣ ባህሩ መጉደል ሲጀምር ውሃው በዛ በኩል ተጠራቅሞ ስለሚወጣ ሰው ይጎትታል። ባለቤትሽ እዋኛለሁ ብሎ ወደዛ እንዳይሄድ። የት እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ። ከያዘው ደግሞ ፊት ለፊት ወደ ዳር አይታገል፣ ወደ ጎን ይዋኝ፣ ከጅረቱ ሲወጣ ይመለስ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ዲያኒ ውስጥ አንዳንዱ ሆቴል ኮራል ገደል ላይ ነው የተሠራው። ባህሩ ከላይ ሲታይ ነፍስ ነው፣ ለመውረድ ግን ደረጃ በደረጃ። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት «ከክፍሉ እስከ አሸዋው ስንት ደረጃ አለ?» ብለሽ ጻፊላቸው። ወደ ደቡብ ጋሉ የሚባለው በኩል ሜዳ ነው፣ ሰውም ያንሳል።

መንገዱ ድሮ ራስ ምታት ነበር፣ ሊኮኒ ላይ መኪናውን ጀልባ ላይ ለመጫን ወረፋ ያዝ ነበር። አሁን የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ስላለ ከሞምባሳ አየር ማረፊያ ጀልባ ሳትነኩ በመኪና ትሄዳላችሁ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ወይ ደግሞ ናይሮቢ ገብታችሁ በባቡሩ ውረዱ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ የጻቮን የዱር አራዊት ፓርክ ሲያቋርጥ ዕድል ከቀናችሁ ዝሆን በመስኮት ይታያል። ትኬቱ በእረፍት ጊዜ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ።

ባምቡሪስ? ከተማ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሕዝብ መዋኛው በኩል መርካቶ በለው። ግን ሃለር ፓርክ እዛ ነው፣ ቀጭኔ በእጅ ያበላሉ፣ ለአንድ ቀን ጥሩ ነው።

ጥር_ይሻላል፦

ሁላችሁም ሐምሌን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት እኮ። ሐምሌ ላይ እዛ የሚነፍሰው ኩሲ ነው፣ የደቡቡ ነፋስ። ዝናቡ በአብዛኛው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሚያልፍ ጥሩ ይመስላል፣ ሙቀቱም ደስ ይላል፣ ግን ነፋሱ ባህሩን ያናውጠዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሳር ዳር ላይ ይከምራል። ፎቶ ላይ የምታያት መስታወት የመሰለች ባህር የካስካዚ ናት፣ የሰሜኑ ነፋስ፣ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ገደማ። እኔ ብሆን ለልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት፣ ጥር መጨረሻ ላይ አደርገው ነበር። ማሊንዲ የሚል ሰው ካገኘሽ ደግሞ ጠንቀቅ በይ፣ የሳባኪ ወንዝ ደለሉን እዛ ነው የሚደፋው፣ ውሃው ቡናማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከላንጋኖ ወደ ላንጋኖ እንዳይሆንብሽ 😂 ዋታሙ ትንሽ ዝቅ ብላ ናት፣ እሷ ትሻላለች።

ናይሮቤው፦

ጥር ያለው እውነቱን ነው። ግን የጥሯ እረፍት ስንት ቀን ናት? አውሮፕላን ወጥተሽ ወርደሽ አለቀች። ደግሞ ጥር ሞምባሳ ምድጃ ነው፣ የ67 ዓመት እናት አስቡ። በሐምሌ ነፋስ አለ፣ አዎ፣ ቢሆንም ከኮራሉ በውስጥ በኩል ትንሽ ልጅ ታጥቢበታለሽ። እኔ ሐምሌ ላይ እናቴን ወስጃት ሹራብ ጠይቃኛለች።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሳይ ሆዴ ባባ። በእኛ ጊዜ ባህር ማለት ምጽዋ ነበር። በ1964 አስመራ ስሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶብስ እንወርድ ነበር፣ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ስንነሳ ካፖርት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሸሚዝ፣ ምጽዋ ስንደርስ እሱንም አውልቀን በካናቴራ። ጉርጉሱም ላይ ነበር የምንዋኘው።

ለእናትሽ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ልጄ። ደገኛ ሰው ባህር ዳር ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው ፀሐዩ አይታወቀውም። ማታ ነው ቆዳው የሚነድደው። ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቀመጡ፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ጠዋት በማለዳ ግን እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ይቀመጡ። ወባም አለ፣ ሳትሄዱ ሐኪም አማክሩ። እኔ አልሰማ ብዬ ሁለት ሳምንት ተንቀጥቅጫለሁ።

የገርጂዋ፦

ወይ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እናቴን አነበብኩላት፣ «እኚህ ሰው የተማሩ ናቸው» ብላለች 😊

ፓጄን ሰርዘናል። ባለቤቴ ሰዓቷን ሲሰማ «እኔም 9 ሰዓት ነበር የምወርደው» አለ። ዲያኒ፣ ጋሉ በኩል፣ ሐምሌ። ሁለት ሆቴል ስለ ደረጃው ጻፍኩላቸው። አንዱ «ሰላሳ ሁለት» ብሎ በሐቅ መለሰልኝ፣ ሌላው የክፍሉን ፎቶ ልኮልኝ ስለ ደረጃው ዝም አለ። ዝምታው ገብቶኛል።

ጥያቄ ግን ቀረኝ። እናቴ ሐምሌ ላይ ረቡዕና አርብ ትጾማለች፣ ዓሣም አትነካም። ምን ትበላለች? ቢጫ ወባ ካርድስ ለትንሿም ያስፈልጋል?

ናይሮቤው፦

ካርዱን ለሁላችሁም ያዙ፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰው ይጠይቃሉ፣ ለልጅም ቢሆን። ከመሄዳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ።

ምግቡ አያሳስብሽ። የባህር ዳር ሰው ምግብ ግማሹ የኛ ጾም ነው። «ምባዚ» በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ነው፣ «ማሃራግዌ» ደግሞ ባቄላ የመሰለ ቦሎቄ፣ እሱም በኮኮናት። ከሩዝ ጋር ትብላ። ጠዋት የሚበላ «ማሃምሪ» የሚባል ቦምቦሊኖ የመሰለ ነገርም አለ፣ አንዳንዱ የላም ወተት ስለሚገባበት እሱን ብቻ ጠይቂላት። በረንዳ ላይ ስትበሉ ግን ዝንጀሮ መሳይ ጦጣዎች አሉ፣ ሙዝ ከእጅ ይነጥቃሉ። ትንሿ እንዳታለቅስ ቀድመሽ ንገሪያት።

የገርጂዋ፦

እሺ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳትስቁ። ጎረቤታችን እማማ «ለጉልበቴ የባህሩን ውሃ በሃይላንድ ቀድተሽ አምጪልኝ» ብለውኛል። ሻንጣ ውስጥ ከተጫነ ችግር አለው?