የሐምሌ 26ን ግርዶሽ ጣና ዳር ለማየት፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው ዕቅዱን እዚሁ በጽሑፍ እንጨርሰው። ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ አለ። የጨረቃ ጥላ በደቡብ ስፔንና በሞሮኮ በኩል አድርጎ ሰሜን አፍሪካን እያቋረጠ ግብፅ ይገባል። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ሶማሊያ ጫፍ ይደርሳል። ሉክሶር አካባቢ ፀሐይ ለ6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። እኛ ጥላው ከሚያልፍበት መስመር ውጭ ነን። ባሕር ዳር ላይ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ነው፤ ያም ሆኖ ከፀሐይዋ ከግማሽ በላይ ይሸፈናል። ከቀትር በኋላ ይጀምራል፣ 7 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ 9 ሰዓት ግድም ያበቃል።

የቀሩን ነገሮች ቦታው፣ መመልከቻውና ለሕዝብ የሚነገረው ናቸው። የተስማማንበትን እያስገባሁ እሄዳለሁ። ሲያልቅ ለከተማ አስተዳደሩና ለዩኒቨርሲቲው የሚገባው ይኸው ጽሑፍ ነው።

የፖሊ ተማሪው፦
እኔ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ እንውጣ ባይ ነኝ። ከፍታ አለው፣ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ዓባይም ጣናም ከላይ ይታያል። መመልከቻውን በተመለከተ 500 የግርዶሽ መነጽር እንዘዝ። ሕዝቡ እንደ በዓል ይወጣል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ሐሳብህ ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ግን ፀሐይዋ የት እንደምትሆን እንይ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ግርዶሹ ጫፍ ሲደርስም ገና ከአናታችን ብዙም አልራቀችም። ስለዚህ የኮረብታው ከፍታ አይጠቅመንም። አድማስ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቆም ሰው ደግሞ አይኖርም። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ይደክማሉ።

በሌላ በኩል ፀሐይ አናት ላይ መሆኗ ትልቅ ዕድል ነው። በቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን ቀጥ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ሰው ወደ ታች እያየ ግርዶሹን ይከታተላል። ጣና ዳር ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ሁሉ መሬት ላይ የማጭድ ቅርጽ ይሠራል። ለሕፃን ልጅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እኔ የሐይቁን ዳርቻ እመርጣለሁ።

ጀልባ ነጂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዳንድ ልጆች «ለምን ጀልባ ላይ ሆነን አናይም» ብለው ጠይቀውኛል። ሥራዬ ስለሆነ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልመክርም። በክረምት ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባ ይናወጣል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ ሚዛኑን ይስታል። የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም አይበቃም። ለታንኳማ ጨርሶ አይታሰብም።

ስለ ደመናው ግን አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም «ሐምሌ ነው፣ ምን ይታያል» እያላችሁ ነው። እኛ ሐይቁ ላይ ስንውል የምናየው ሌላ ነው። ከሰዓት ደመናው በየብሱ በኩል፣ በተራራው ላይ ይከመራል። ሐይቁ ላይ ብዙ ጊዜ ይገለጣል። ዝናቡ ሐይቁን የሚያገኘው ሌሊት ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ጋሼ ያሉት በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በጣና ተፋሰስ ዝናብ የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ በተራሮቹ ላይ ከሰዓት፣ በሐይቁ ላይ ሌሊት። ቀን የብሱ ከውኃው ቶሎ ይሞቃል። አየሩ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍስና ደመናው እዚያ ይሠራል። ሌሊት ይገለበጣል። እንግዲህ ለዳርቻው ሁለተኛ ምክንያት አገኘን። ወደ ውኃው በተጠጋን ቁጥር ሰማዩ የመከፈቱ ዕድል ይጨምራል።

ሲስተር (የዓይን ክሊኒክ ነርስ)፦
ወደ መመልከቻው ልምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየበት እሑድ ጠዋት፣ እዚህ ከተማ ሰው የራጅ ፊልም ይዞ፣ መስታወት በጥላሸት ቀብቶ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በሣፋ ውኃ ውስጥ የሚያይም ነበር። አንዳቸውም አይከላከሉም። ራጅ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ሰው ይዘናጋል፤ የማይታየው ጨረር ግን ያልፋል። የዓይናችን የውስጠኛው ሽፋን ሕመም አይሰማውም። ሲቃጠል አናውቅም። የምናውቀው ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ፣ የምናየው ነገር መሃሉ ሲደበዝዝ ነው። መድኃኒት የለውም። አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ እንደዚያው ይቀራል።

ሌላም አለ። በኢንተርኔት የሉክሶር ሰዎች መነጽራቸውን ሲያወልቁ እናያለን። እነሱ የሚያወልቁት ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈንላቸው ብቻ ነው። ለእኛ ያ ቅጽበት የለም። ባሕር ዳር ላይ በባዶ ዓይን ማየት የሚቻልበት አንድም ሰከንድ የለም። ይህ በረቂቁ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
500 መነጽር ከውጭ ማስመጣት በእኛ አቅም አይሆንም። ቢመጣም አስመስለው የሠሩት በገበያ ሞልቷል። ሌላ መላ ካለ ንገሩኝ። ብየዳ ቤት ያሉት ጥቁር መስታወቶችስ?

ሲስተር፦
የብየዳ መስታወት ቁጥር 14 ከሆነ ይሆናል። ቁጥሩ መስታወቱ ላይ ተጽፏል። ችግሩ ብየዳ ቤቶች በብዛት የሚይዙት 10 እና 11 ነው፤ እሱ ለፀሐይ አይበቃም። ስለዚህ «ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ተዋሱ» ብለን ለሕዝብ መንገር የለብንም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
መላ አለ። ሰሞኑን ሞክሬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንሽ የኪስ መስታወት ወሰድኩ። ፊቱን በካርቶን ሸፍኜ መሃሉ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አወጣሁ። አሸዋ የሞላ ጣሳ ላይ አስደግፌ ፀሐይ ላይ አኖርኩት። ብርሃኑን በበር አስገብቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ግድግዳ ላይ አሳረፍኩት። ከመስታወቱ እስከ ግድግዳው 15 ሜትር ነበር። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን አራት ማዕዘን አልነበረም፤ ክብ ነበር። የቀዳዳው ቅርጽ ጠፍቶ የፀሐይዋ ምስል ነው የወጣው። ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያክላል። ግርዶሹ ሲጀምር ያ ክብ ከጎኑ ሲገመጥ ክፍል ሙሉ ሰው አብሮ ያያል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ምስሉ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። 20 ሜትር ከሆነ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። ምስሉ ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ አይቆምም። መሬት ስለምትዞር በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሱን ስፋት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ መስታወቱን የሚያስተካክል አንድ ልጅ ይመደባል፤ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሰው ፊት እንዳይዞር። በገመድ እንከልለው።

የፖሊ ተማሪው፦
መምህር፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ተስማምቻለሁ። ግን ስስ ደመና ቢኖርስ? ጥላ የማይጥል ፀሐይ በመስታወትም በቀዳዳም ምስል አይሰጥም። በመነጽር ግን በስስ ደመና ውስጥ ሊታይ ይችላል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ልክ ነህ፤ ይህ መነጽሩን ጨርሰን እንዳንተው ያደርገናል። ግርዶሹ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። አንድ ሰው መነጽር ይዞ መቆም አያስፈልገውም፤ በየሩብ ሰዓቱ አንዳፍታ አይቶ ለጎረቤቱ ይሰጣል። አንድ መነጽር ለአሥር ሰው ይበቃል። ደረጃው አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሆነ ጥቂት መነጽር በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በኩል እንጠይቅ። የሽፋኑን መጠንና ትክክለኛውን ደቂቃም በዚያው ደብዳቤ እንጠይቃቸው። መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በአቅራቢ መነጽር ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል ይሁን። የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን አልፎ ዓይኑን ያቃጥለዋል።

መሪጌታ፦
ልጆቼ፣ በርቱ። ዕለቱ የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በዓለ ዕረፍት ነው። ሰው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ሊመጣላችሁ ይችላል። እኔ የምፈራው ወሬውን ነው። በ2017 ሐምሌ ላይ «ዓለም ለስድስት ደቂቃ ትጨልማለች» የሚል ወሬ በስልኩ ሁሉ ዞሮ ስንት እናት ውኃ ቀድታ፣ ሻማ ገዝታ ተቀመጠች። ዘንድሮ ካልተነገረ በዕለቱ ደግሞ ይመጣል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ፀሐይና ጨረቃ በቁጥር እንደሚሄዱ ያውቃል። ከአንድ ሳምንት በፊት በዓውደ ምሕረት እናስተምራለን። መስጊዱም እንዲሁ ቢናገር መልካም ነው። ነፍሰ ጡሮችስ ከቤት ይውጡ ወይስ አይውጡ? ይህን አስቀድማችሁ መልሱልን፤ መጠየቃችን አይቀርም።

ሲስተር፦
ይውጡ፣ መሪጌታ። ግርዶሹ ፅንስን አይነካም። የተለየ ጨረር የለውም፤ ያችው የሁልጊዜዋ ፀሐይ ናት። አደጋው ትኩር ብሎ ላየ ሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ለነፍሰ ጡሯም ለእኔም እኩል። ይልቅ ወንበርና ጥላ ይዘጋጅላቸው።

የእድር ተወካይዋ፦
ጨለማውስ? ዶሮ ይጮኻል፣ ወፍ ይሰፍራል የሚሉት እዚህም አለ ወይ? ለእድርተኛው ምን ልበል?

የፊዚክስ መምህሩ፦
እትዬ፣ እውነቱን እንንገራቸው። አይጨልምም። ከፀሐይ ሩቧ ብቻ ብትቀር እንኳ ቀን ቀን ነው። ብርሃኑ ትንሽ ይገረጣል፣ ሙቀቱ ቀዝ ሊል ይችላል። ያላወቀ ሰው ሥራውን እየሠራ ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ጨለማ ጠብቆ የመጣ ሰው ተታለልኩ ይላል። የፀሐይዋን ቅርጽ ለማየት የመጣ ግን ጠግቦ ይሄዳል።

ሰማዩ ጭራሽ ከተዘጋ ደግሞ ሰዉን ዝም ብለን አንበትን። የሉክሶር ሰማይ በዚያ ወቅት ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያ የሚተላለፈውን በስክሪን እናሳይ። ልጆቹ በየአምስት ደቂቃው ቴርሞሜትር ያንብቡ፣ ይመዝግቡ። ሰማዩ በደመና ቢሸፈንም ብርሃንና ሙቀት ይለካል። ዋሸራ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ የላይኛውን አየር ያጠናል። ግርዶሽ እዚያም ለውጥ ያመጣል። ከባለሙያዎቹ አንዱ መጥቶ እንዲያስረዳን በደብዳቤው እንጋብዝ።

የፖሊ ተማሪው፦
አንድ ልጨምር። ሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ግን ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የክረምት ተማሪዎች አሉ፤ ከየወረዳው የመጡ መምህራን ናቸው። የመስታወቱን ሥራ እነሱ ቢማሩት በየሄዱበት ያስተምሩታል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ከሁሉ ይህን ወደድኩት። መጋቢት 11 ቀን 2026 ሌላ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ጥላ በሱዳንና በግብፅ በኩል ያልፋል፤ እኛ አሁንም ከፊሉን እናያለን። ያኔ በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ሰኞ ነው፣ ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው። ዘንድሮ የምናሠለጥናቸው መምህራን ያኔ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዘው ይወጣሉ። መሣሪያዎቹን ቆጥረን በማኅበሩ ዕቃ ቤት እናስቀምጥ።

ጸሐፊዋ፦
እስካሁን የተስማማነውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ አርሙኝ።

«ማኅበሩ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ተኩል በጣና ዳርቻ፣ ዛፍ ባለበት ሥፍራ፣ ሕዝብ በነፃ ግርዶሽ የሚከታተልበት ዝግጅት ያደርጋል። ዋናው መመልከቻ መስታወትና ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይሆናል። ለዚህም ነጭ ግድግዳ ያለው ጨለማ ክፍል ወይም ድንኳን ይዘጋጃል። ደረጃውን የጠበቀ መነጽር በጋራ ይዳረሳል። በባዶ ዓይን፣ በራጅ፣ በጥላሸት መስታወትም ሆነ በውኃ ውስጥ ማየት የተከለከለ ነው። በጀልባ ላይ ዝግጅት አይኖርም። ከአንድ ሳምንት በፊት በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶች፣ በእድሮችና በአሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ሬዲዮ ትምህርት ይሰጣል። ለክረምት ተማሪ መምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ይደረጋል።»

ሲስተር፦
ሁለት ነገር ጎድሏል። የብየዳ መስታወት ከቁጥር 14 በታች አይፈቀድም ይባል። ከዝግጅቱ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው በማግስቱ ወዴት እንደሚመጣም ይጻፍ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ እዚያው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን።

ጀልባ ነጂው፦
ገመዱን እኔ አመጣለሁ። ክረምት ውኃው ከፍ ስለሚል ዳርቻው ላይ የሚቆምበት መሬት ይጠብባል። ስለዚህ ልጆች ወደ ውኃው እንዳይጠጉ በዚያ በኩልም መከለል አለበት። ቦታውን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ውኃው ከሞላ በኋላ ሄደን እንለካው። አሁን ለክተን ብንወስን ያኔ ግማሹ ውኃ ሥር ይሆናል።

ገንዘብ ያዡ፦
ለመስታወት፣ ለካርቶን፣ ለድንኳን ኪራይና ለቴርሞሜትር ዋጋ ጠይቄ እስከ ረቡዕ እልካለሁ። ወንበር ከእድሩ እናገኛለን ብዬ ይዣለሁ።

የእድር ተወካይዋ፦
ወንበርም ድንኳንም ከእኛ ነው። ለድንኳን ኪራይ እንዳታወጡ። በዚያ ቀን ለቅሶ ከገጠመን ግን ቅድሚያው ለለቅሶ ነው፤ አንድ ተለዋጭ ክፍል ጠይቃችሁ ያዙ።

ጸሐፊዋ፦
የሲስተር ሁለቱም ገብቷል። የቦታው ልኬት ለሐምሌ መጀመሪያ ተይዟል። ተለዋጭ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው በደብዳቤው ላይ እጠይቃለሁ። ረቡዕ ዋጋው ሲደርሰኝ ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤዎቹን ሁሉ አስገባለሁ። ከዚያ በፊት የሚታረም ያለው ይጻፍልኝ።