አደዩን ሆን ብዬ ሳደበዝዘው ፎቶው ነጭ ይሆንብኛል፤ ድረሱልኝ!

የጠባሴዋ፦ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ አደይ መሐል ቆሜያለሁ። ቢጫው በብሩሽ እንደተሳበ ቀለም እንዲሆንልኝ ሻተሩን 1/8 ሰከንድ ክፍት እንዲቆይ አድርጌ ካሜራውን እያንቀሳቀስኩ ሳነሳ፣ የሚወጣው ነጭ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ሠርቶልኝ ነበር። ባትሪዬ እያለቀ ነውና ቶሎ በሉ!

ባለ ትራይፖድ፦ አይኤስኦ ቀንሺ።

የመንዝ ሰው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ብርሃንን ማወቅ ነው። ሻተር፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱን ስትለቂ ሌላውን ትይዣለሽ። በፊልም ጊዜ 36 ፎቶ ብቻ ስለነበረን አስበን ነበር የምንጫነው።

የጠባሴዋ፦ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 4 ነው።

ባለ ትራይፖድ፦ እኮ፣ አይኤስኦ ቀንሺ።

መስከረም ጠባ፦ አደይ በዓመት አንዴ መጥቶ ማደብዘዝ ለምን? የግድ ካልሽም ሻተሩን አፍጥኚው፤ 4 ላይ ተይው። የፊቶቹን አበቦች ሌንሱን እስኪነኩ ተጠጊና በመሐላቸው ራቅ ያለችውን አንዷን ፎከስ አድርጊ። የቅርቦቹ ቢጫ ጉም ይሆናሉ፣ እሷ ግን ጥርት ትላለች።

የጠባሴዋ፦ እሱም ደስ ይላል፤ እኔ ግን የተሳበውን ነው የምፈልገው።

ጓሳ ወጪ፦ እንግዲያው አፐርቸሩን ወደ 22 ዝጊው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 ያ 1/50 ገደማ ነው የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ 1/8 አሁንም ይበዛል። ኤንዲ 8 ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ግራጫ መስታወት) ልዩነቱን ይሸፍናል፤ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) ወደ 1/15 ያወርድሻል። ስታቢላይዘሩን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን) አጥፊ። እጅሽ ሻተሩን ከመጫንሽ በፊት መንቀሳቀስ ይጀምር፣ ከተጫነም በኋላ አይቁም። አቅጣጫው በአገዳው ልክ ከታች ወደ ላይ ይሁን። መንዝ ጓሳ ላይ ጅብራን (ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ረጅሙን የደጋ ተክል) እንዲህ ነው የማነሳው፤ ወደ ጎን ከሳብኩት ቅርፁ ይጠፋል።

ሳቂታው፦ ፊልተር ከሌለሽ የፀሐይ መነጽርሽን ሌንሱ ፊት ደቅኚዋ! ሃሃሃ

ጓሳ ወጪ፦ ይሠራል እኮ! ግራጫ መስታወት ይሁን እንጂ፤ ቡናማው ቀለሙን ይለውጥብሻል።

የመንዝ ሰው፦ ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስ እያለ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ? ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ትከዪው። አበባው ሲወዛወዝ ይሳባል፣ ድንጋዩ ባለበት ጥርት ብሎ ይቀራል።

ባለ ትራይፖድ፦ እህቴ፣ ተሳካ?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ጣርማበር ነኝ፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይሆናል?

ጓሳ ወጪ፦ የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር አይዘጋም። ፀሐይ ሳትወጣ ሂድ፣ ፕሮ ሞድ ላይ አይኤስኦውን ዝቅ አድርገህ 1/8 ሞክር።