የሄህዮ እናት ወይስ የሄጁን አባት?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው የዛሬው ክርክር «ሪከርድ ኦፍ ዩዝ» ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ቲቪኤን በሚባለው የኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈው፣ 16 ክፍል ያለው የኮሪያ ድራማ። በትርጉም ያያችሁትም፣ ከሥር ጽሑፍ እያነበባችሁ ያያችሁትም እኩል ተከራካሪ ናችሁ።

ላላያችሁ ባጭሩ። ሄጁን እና ሄህዮ የልብ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም ሞዴል ናቸው፤ ሁለቱም ተዋናይ መሆን ይፈልጋሉ። የሴኡሉ ሃናምዶንግ ሰፈር ልጆች ናቸው። ሄህዮ ግን የሀብታም ቤት ልጅ ነው። የሄጁን እናት ኤሱክ ደግሞ እዚያው እነሄህዮ ቤት በተመላላሽ ትሠራለች። የሄህዮ እናት ኢዮንግ ልጇ ሳያውቅ የኢንስታግራም ተከታይ በገንዘብ ትገዛለታለች። የሄጁን አባት ዮንግናም አናጢ ነው። ልጁ ሞዴልነቱንም ትወናውንም ትቶ ወታደር ቤት እንዲገባ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቀዋል።

ጥያቄው አንድ ነው። ልጁን የበለጠ የበደለው የቱ ወላጅ ነው? ገንዘብ የረጨችው ወይስ ተስፋ ያስቆረጠው? መጨረሻውን ያላየ ካሁኑ ይውጣ። ስድብ የለም።

ጠበቃው፦
ይሄ ምን ያከራክራል? ኢዮንግ ናት። ሁለቱ ልጆች ለአንድ ፊልም ገጸ ባሕርይ ተወዳደሩ። ሄህዮ ተመረጠ። ለምን? ተከታዩ ብዙ ስለሆነ። ተከታዩ ደግሞ የተገዛ ነው። ስለዚህ የራሷን ልጅ ብቻ አይደለም የጎዳችው። የሰው ልጅ እንጀራ ነው የወሰደችው፤ ያውም ወጥ ቤቷን የምታጸዳላትን የኤሱክን ልጅ እንጀራ። አባትየው ቢበዛ አፉ ክፉ ነው። አፍና ማጭበርበር አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ቀስ በል ልጄ። እናት ነኝና እኔ ልመልስልህ። ለልጁ መንገድ ያልጠረገ ወላጅ ማነው? ልጃችንን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንት ሰው ደጅ ጠንተናል? «እገሌ የሚባል ዘመድ አለሽ ወይ?» ያልተባለ አለ? ኢዮንግ አቅም ስላላት በአቅሟ አደረገችው። ሞዴልነት ደግሞ እንደ መምህርነት እስከ ጡረታ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጊዜው ያልፋል። ለኮሪያ ወንድ ልጅ ደግሞ ወታደር ቤቱ ከፊቱ ተደቅኗል፤ ሀብታምም ሆነ ድሃ አይቀርለትም። እናቱ ብትጣደፍ ምን ይገርማል?

ጠበቃው፦
እናታችን፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ትምህርት ቤት ያስገቡት ልጅ ፈተናውን ራሱ ነው የሚፈተነው። ኢዮንግ ፈተናውንም ተፈትናለታለች እኮ!

ሰባት ሴንቲ ታኮ፦
እኔ ትንሽ ሞዴሊንግ ሠርቻለሁ፣ አዲስ አበባ። ስለ ሙያው ልናገር፤ ድራማው ብዙ ነገር ልክ አግኝቷል።

መድረክ ላይ የምታዩት ደቂቃ የማይሞላ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ ቀን ቁጭ ትላለህ። ፀጉርህን አንዱ ይጎትተዋል፣ ፊትህን ሌላው ይቀባዋል፣ ሦስተኛው ጫማ በልክህ የለም ይልሃል። እኔ በአንድ ቁጥር በሚያንሰኝ ጫማ ሄጃለሁ፤ ጣቶቼን አጥፌ፣ እየሳቅኩ። ሾው ሲያልቅ ሂሳብ ስትጠይቅ «ለስምሽ ይጠቅምሻል» ይሉሻል። ስም ደግሞ ታክሲ አይከፍልም።

ሄጁንን እዩት። የሠራበትን ገንዘብ ኤጀንሲው ይዞበት ነው ታሪኩ የሚጀምረው። የኤጀንሲው አለቃ ቴሱ እያለ ስለ እናትና አባት ትከራከራላችሁ? ሚንጄ ሥራዋን ጥላ ማናጀሩ ባትሆንለት ልጁ እንደዚያ እየተንከራተተ ይቀር ነበር። ከሁሉም የምወዳት ገጸ ባሕርይ እሷ ናት። ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ያረጀ ጫማ፣ በቃ።

አወያይ፦
ታኮ፣ ምርጫው ሁለት ነው። ሦስተኛ እጩ አላቀረብንም።

ሰባት ሴንቲ ታኮ፦
እሺ፣ ከሁለቱ ከሆነ እናትየው። ምክንያቴ ግን ከጠበቃው ይለያል። ሄህዮ ጎበዝ ነው። ብቻውን ቢሄድም ይደርስ ነበር። አሁን ግን የትኛው የእሱ፣ የትኛው የእናቱ እንደሆነ መለየት አይችልም። ተከታዮቹ የተገዙ መሆናቸውን ያወቀ ቀን ፊቱን አያችሁት? የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው። በነገራችን ላይ እሱን የሚጫወተው ብዮን ዉሶክ በእውነተኛ ሕይወቱም ከሞዴልነት ነው የመጣው። አረማመዱን ብቻ እዩት፤ ትከሻው አይነቃነቅም።

ጋሽ መጋዝ፦
እኔም አናጢ ነኝ። ለዚህ ነው ሰው ለሚስቅበት ለዮንግናም ልቆምለት የመጣሁት።

ሰውየው የሚጮኸው ልጁን ስለሚጠላ አይደለም። የገዛ አባቱን ስላየ ነው። የሄጁን አያት ሚንጊ መልከ መልካም ነበር፤ ሕልም እያሳደደ የቤተሰቡን ገንዘብ አጥፍቶ ልጆቹን ችግር ላይ ጣለ። ዮንግናም ያን ዕዳ በእጁ ተሸክሞ አደገ። አሁን ያው መልክ በልጁ ላይ ሲመጣበት ምን ይበል? «ላም አለኝ በሰማይ»ን በዓይኑ አይቶ ያደገ ሰው ነው። እኔ ብሆንም እጮህ ነበር።

ሌላም አለ። እንጨት የማያታልል ነገር ነው። ልክ ከለካህ ልክ ይወጣል። ሞዴልነት ግን ልክም ለክተህ፣ ቆንጆም ሆነህ፣ የማይወጣ ነገር ነው። አባት ለልጁ የሚይዘው ነገር ቢፈልግለት ምን ኃጢአት አለው?

ጠበቃው፦
ጋሼ፣ አያቱስ? ያ አጠፋ የተባለው ሽማግሌ በስተርጅና ሞዴል ሆኖ ካሜራ ፊት አልቆመም? ያስመዘገበው ማነው? ሄጁን ነው። ዮንግናምማ በአባቱም በልጁም ይስቅ ነበር።

ጋሽ መጋዝ፦
ይስቃል፣ አዎ። የፈራ ሰው ይስቃል።

ከሪያድ፦
ስለ ሁሉም አወራችሁ፤ ስለ ኤሱክ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለቱም ወላጆች የሚኖሩት እሷ ላይ ነው እኮ። አንዱ ባሏ፣ አንዷ አሠሪዋ።

የሰው ቤት ስትሠሪ የቤቱን ልጅ ታውቂዋለሽ። የቱን ሸሚዝ እንደሚወድ፣ ምን እንደማይበላ። የራስሽ ልጅ ዛሬ ምን እንደበላ ግን በስልክ ነው የምትሰሚው። ኤሱክ ማታ ቤቷ መግባቷ ይሻላታል። ቢሆንም ያቺን የሄህዮን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ የራሷ ልጅ በዚያው ልጅ ተሸንፎ እንደተመለሰ ታውቃለች። እኔ እዚያ ትዕይንት ላይ አቁሜ ውኃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ ኢዮንግ ላይ ነው። የምጠላት ግን ተከታይ ስለገዛች አይደለም። ሄጁን ኮከብ ሲሆን ያሳየችውን ፊት አስታውሱ። የሠራተኛዋ ልጅ ልጇን መብለጡ አላስተኛትም። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ። እመቤት ደግ የምትሆነው አንቺ ከሥሯ እስካለሽ ድረስ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ እግዜር ያበርታሽ። ግን ፍረጂ፤ ኢዮንግ ኤሱክን አዋርዳት አታውቅም ማለት ይቻላል። እንዲያውም እንደ ጓደኛ ይጨዋወታሉ።

ከሪያድ፦
ይጨዋወታሉ። ቡናውን የምታፈላው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ሰባት ሴንቲ ታኮ፦
ኡ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እሺ ይሁን። አንድ ነገር ግን መልሱልኝ። ያለ ሰው ድጋፍ በሞዴልነት የወጣ ማነው? ስም ጥሩልኝ።

ጠበቃው፦
ሊያ ከበደ! በ2000 እ.ኤ.አ. ዲዛይነሩ ቶም ፎርድ ለፋሽን ቤቱ ለጉቺ መድረክ መረጣት፣ በ2003 የመዋቢያ ድርጅቱ የኤስቴ ላውደር ፊት ሆነች። ያኔ ኢንስታግራም የሚባል ነገር የለም። ማን ተከታይ ገዛላት?

ሰባት ሴንቲ ታኮ፦
ምሳሌህ በአንተው ላይ ነው የሚዞረው። ሊያ የታየችው ሊሴ ገብረማርያም ስትማር ነው። አንድ የፊልም ዳይሬክተር አይቷት ከፈረንሳይ ኤጀንሲ ጋር አገናኛት። ጎበዝ አይደለችም አላልኩም፤ ከእሷ በላይ የምኮራበት የለም። ግን የፈረንሳይ ኤጀንሲ የሚያውቅ ሰው በሊሴ በር ነው የሚያልፈው፤ በእኛ ሰፈር በኩል አያልፍም። ድራማውም የሚለው ይሄንኑ ነው። ሄጁን ሲታገል ድሮም የጎደለው መልክ ወይ ችሎታ አልነበረም። የሚያልፍ ሰው ነው ያጣው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አያችሁ? ኢዮንግ ያደረገችው ያንን የሚያልፍ ሰው በልጇ በር እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ጠበቃው፦
በውሸት ምልክት ጠርታ!

ሜካፕ ሣጥን፦
ይቅርታ ላቋርጥ። ሁላችሁም ስለ ወላጅ ታወራላችሁ፣ የፍቅር ድራማ መሆኑን ረስታችኋል። ጆንግሃ የት ሄደች? ማንም አልገፋላትም፣ ማንም አልገዛላትም። የትልቅ ድርጅት ሥራዋን ትታ ሜካፕ ከዜሮ ጀመረች። በብድር ቤት ገዛች። የውበት ሳሎኑ ውስጥ አለቃዋ ስትጫናት ጥርሷን ነክሳ ቻለች። እኔ ያለሁበት ሙያ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ደንበኛ አንቺን ሲመርጥ የበላይሽ ብሩሽሽን ትቆጥራለች።

እና ይቺ ልጅ ስታደንቀው የኖረችውን ሄጁንን አገኘች። መጀመሪያ ሲያገኛት አፍራ «የሄህዮ አድናቂ ነኝ» አለችው፤ ስንት ሰው በዚህ ትዕይንት ራሱን አየ። በመጨረሻ ግን ተለያዩ። ሁሉም ሰው ጆንግሃን ወቀሰ። እኔ አልወቅሳትም።

ጋሽ መጋዝ፦
እኔ እወቅሳታለሁ። ልጁ በጭንቅ ሰዓት ላይ ነበር። ዲዛይነሩ ቻርሊ ጆንግ ሞቶ፣ ሰው ሁሉ በሐሜት እየቀጠቀጠው። ሰው የሚፈተነው ያኔ ነው።

ሜካፕ ሣጥን፦
ጋሼ፣ እሷ ልትሸከምለት ፈልጋ ነበር፤ እሱ አልሰጣትም። ቀጠሮ ይሰረዛል፣ «ይቅርታ» ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ ይቀራል፣ «ይቅርታ»። ሲያገኛት «አመሰግናለሁ»። ከሁለቱ ቃላት ውጪ ምን ቀራት? ደጋግሞ ይቅርታ የሚጠይቅሽ ሰው ክፉ አይደለም። ግን አብሮሽ የለም።

ይሄ ደግሞ ከጥያቄያችሁ አይርቅም። ሄጁን ችግሩን ለሰው የማይናገር ልጅ የሆነው የት ነው? እቤቱ ነው። አንድ ነገር ባወራ ቁጥር አባቱ «አልነገርኩህም?» የሚለው ከሆነ ልጁ ዝም ማለትን ይለምዳል። ኮከብ ሲሆንም ያንኑ ዝምታ ይዞ ሄደ። ስለዚህ የእኔ ድምፅ አባትየው ላይ ነው። ኢዮንግ ልጇን አንድ ሥራ አሳጣችው። ዮንግናም ልጁን ሴቲቱን አሳጣው።

ጠበቃው፦
ይሄን አልጠበቅኩትም። ግን ማስረጃ አለሽ? ወንድሙ ግዮንግጁንም እዚያው ቤት ነው ያደገው። እሱ ባንክ ይሠራል፣ አፉም አያርፍም።

ሜካፕ ሣጥን፦
እሱማ ከአባቱ ጋር ወግኖ የሚጮህ ነው። ከሚጮኸው ወገን የሆነ ልጅ ዝምታ ለምን ይማራል?

ከሪያድ፦
ሄህዮም ጆንግሃን ይወዳት ነበር እኮ። ዝም ብሎ ዋጠው። እሱን ዝምታ ማን አስተማረው? የሚጮህ አባት የለውም፤ ሁሉን የምታደርግለት እናት ናት ያለችው። ዝምታ በአባት ብቻ አይመጣም፣ እህቴ።

ሜካፕ ሣጥን፦
ይሄኛው ጥሩ ነጥብ ነው። ቢሆንም ሄህዮ ዝም ያለው የጓደኛውን ፍቅረኛ ላለመንካት ነው። ክብር ነው እሱ። ሄጁን ዝም ያለው ግን የራሱን ፍቅረኛ ነው።

ጋሽ መጋዝ፦
ልጁ መጨረሻ ላይ የት ገባ? ወታደር ቤት! አባቱ ከመጀመሪያው ምን ነበር ያለው?

ሰባት ሴንቲ ታኮ፦
ጋሼ! የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀብሎ መግባትና ተስፋ ቆርጦ መግባት አንድ ነው እንዴ? ደግሞ ሄጁንን የሚጫወተው ፓርክ ቦገም ራሱ፣ ድራማው መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 7 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እሱ ቀድሞ ኦገስት 31 ባሕር ኃይል ገብቷል። አገር ሲያየው እሱ ፀጉሩን ተላጭቶ ነበር። ግዴታው ለኮከብም አይቀርም፤ ጥያቄው ከመግባትህ በፊት ምን ሠራህ ነው።

አወያይ፦
እስካሁን ሦስት ድምፅ እናትየው ላይ፣ አንድ አባትየው ላይ። ጋሽ መጋዝ እና የሦስት ልጆች እናት ድምፃችሁን በግልጽ አልሰጣችሁም።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ አባትየው ላይ ነኝ። እናት በገንዘቧ ብትሳሳት ገንዘቧ ነው። አባት ግን ልጁ ሲወድቅ «እኔ ብዬ ነበር» ካለ፣ ልጁ ሲነሣ ምን ይላል?

ጋሽ መጋዝ፦
«ልጄ ነው» ይላል። ሄጁን በቴሌቪዥን ሲታይ ያን ሰውዬ አላያችሁትም? ጥርሱን አልከደነም። እኔ የማንም ላይ አልመርጥም፣ መዝግበኝ።

አወያይ፦
ድምፅ ያለመስጠት መብት ነው ጋሼ፣ መዝግቤያለሁ። ሦስት ለሁለት። ያልሰጣችሁ እስከ ነገ ማታ።

ከሪያድ፦
ለኤሱክ ድምፅ መስጠት የሚቻልበትን አንድ ምርጫ ጨምርልን።