የኦቲዝም ምርመራ ለ2 ዓመት ከ4 ወር ልጅ እና ለ34 ዓመት ሰው፦ ምን ይጠበቃል? (ሜሪላንድ)

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ለመደበኛ ክትትል ስንሄድ ኤም-ቻት የሚባለውን የኦቲዝም ስጋት መለያ መጠይቅ ሞላሁና 9 ነጥብ ወጣ። ሐኪሟ ወደ ስፔሻሊስት ጻፈችልን፤ ወረፋው ግን ወራት ይፈጃል ተባልኩ። ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የሚፈልገው ነገር ሲኖር እጄን ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትተኛል እንጂ በጣቱ አያሳይም። ምርመራው ላይ ምንድን ነው የሚያደርጉት? እስከዚያስ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? የ34 ዓመት ወንድሜም መመርመር እፈልጋለሁ ብሏል፤ የትልቅ ሰው ይለያል? ዘመድ ደግሞ «ሁለት ቋንቋ ስላደባለቃችሁበት ነው፣ አማርኛውን ተዉት» እያለ ነው።

የንግግር ቴራፒስት

እህቴ፣ አትጠብቂ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የሚባል፣ ዕድገታቸው ለዘገየ ልጆች ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። ያለ ሐኪም ወረቀት ራስሽ ደውለሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ። በፌደራል ሕግ ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁን ገምግመው፣ ብቁ ከሆነ የአገልግሎት ዕቅድ ለማውጣት መቀመጥ አለባቸው፤ ግምገማው በነፃ ነው። 3 ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ይዞራል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ብቁ ከሆነና ቤተሰቡ ከመረጠ በዚሁ ፕሮግራም ሊቀጥል ይችላል። ዲሲና ቨርጂኒያም የየራሳቸው ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብሽ። የዚህ ፕሮግራም ወይም የትምህርት ቤት ግምገማ ልጁ አገልግሎት ይገባዋል ወይ የሚለውን ነው የሚወስነው። ለኤቢኤ (ለባሕሪ ሕክምና) ኢንሹራንስ የሚጠይቀው የሐኪም ወይም የሳይኮሎጂስት ዳያግኖሲስ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወረፋ ያዢ። ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ካለው፣ እስከ 21 ዓመት አስፈላጊ የሆነ ምርመራ እንዲሸፍን ሕጉ ያስገድደዋል።

ኤም-ቻት 20 ጥያቄ ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ምርመራ ይላካል። ኦቲዝም አለበት ማለት ግን አይደለም፤ የንግግር ወይም አጠቃላይ የዕድገት መዘግየትም ነጥቡን ያወጣዋል። ከቀጠሮው በፊት በኦዲዮሎጂስት የመስማት ምርመራ አስደርጊለት። «ቲቪ ይሰማል እኮ» አይበቃም፤ ወፍራም ድምፅ እየሰማ ቀጭኑ የሚያመልጠው ልጅ አለ።

በቀጠሮው ዕለት ብዙ ቦታ የሚጠቀሙት አዶስ-2 ነው፦ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጨዋታ የሚመስል ምርመራ። እንደ ዕድሜውና እንደ ንግግሩ የሚመረጡ ክፍሎች (ሞጁሎች) አሉት፤ እስከ 30 ወር የሕፃናቱ ሞጁል ነው፤ ቀጠሮው ከዚያ ካለፈና ሐረግ መናገር ካልጀመረ ሞጁል 1። የሳሙና አረፋ ይነፋሉ፣ ሞጁል 1 ከሆነ ለአሻንጉሊት ልደት ያከብራሉ፣ መክሰስ ያቀርባሉ። የሚያዩት አረፋውን መውደዱን አይደለም፤ አረፋውን አይቶ፣ ዞር ብሎ አንቺን አይቶ፣ እንደገና ወደ አረፋው መመለሱን ነው። ስለዚህ «እይ፣ እይ!» እያልሽ አታግዢው። እናቶች ከፍቅር ብዛት ሳያስቡት ልጁን ይረዱታል፤ መርማሪውም የልጁን ሳይሆን የእናትየውን ጥረት መዝግቦ ይወጣል። ስሙንም ሆን ብለው ደጋግመው ይጠራሉ፤ ቤት ውስጥ የምትጠሩት በቁልምጫ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከዚያ ሌላ አንቺን ስለ አስተዳደጉ ረጅም ቃለ መጠይቅ ያደርጉልሻል፤ የዕድገት ፈተናም አለ። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የራስ ቅል ፎቶ የለም። በኋላ የዘረመል (ጄኔቲክ) ምርመራ ቢያዙ ምክንያት ለመፈለግ ነው።

አማርኛውን አትተዪ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፤ የሚያውቃቸውን ቃላት ስትቆጥሪ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሪ።

አስተርጓሚ

በነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ፤ ቀጠሮ ስታስይዢ ጠይቂ፣ በዕለቱ ደግሞ አረጋግጪ። በዘመድ አታስተርጉሚ። ልጁ ውሃ ሲፈልግ፣ አንቺ ስትጠይቂው የሰማውን «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚደግም ከሆነ፣ አዛኝ ዘመድ «ውሃ እፈልጋለሁ አለ» ብሎ ያስተካክለዋል። መርማሪዋ የምትፈልገው ምልክት እዚያው ጠፋ ማለት ነው። ልጁ ያለው እንዳለው ይተርጎም፤ ትርጉም የሌለው ድምፅም ከሆነ «ትርጉም የለውም» ይባል።

ቤት ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ የሚሆኑ ቪዲዮዎችም ቅረጪ፦ ሲበላ፣ ከሌላ ልጅ ጋር ሲሆን፣ የለመደው ነገር ሲቀየርበት። ክሊኒክ ውስጥ የማይታየው እዚያ ይታያል።

ሳይኮሎጂስት፣ አዋቂዎች ላይ የምሠራ

ስለ ወንድምሽ። የልጆች ክሊኒኮች ብዙዎቹ አዋቂ አይቀበሉም። ሲደውል «አዋቂ ላይ ኦቲዝም ትመረምራላችሁ? በጽሑፍ ሪፖርት ትሰጣላችሁ? ኢንሹራንሴ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛውን ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሎ ከኢንሹራንሱም ያረጋግጥ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚሞላው ባለ 50 ጥያቄ ኤኪው (የአዋቂዎች የኦቲዝም መጠይቅ) ብቻውን ዳያግኖሲስ አይደለም፤ ጭንቀት ያለበት ሰውም ከፍተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ምርመራው ውስጥ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣት ችግር)፣ ማኅበራዊ ፍርሃት፣ ድብርትና ከአስደንጋጭ ክስተት የተረፈ ጉዳት አብረው ይታያሉ፤ መታየትም አለባቸው።

ከባዱ ክፍል የልጅነት ታሪክ ነው፤ ምልክቱ ከልጅነት መጀመሩን መርማሪው ማረጋገጥ አለበት። እናቱ አገር ቤት ከሆኑ በስልክ ይጠየቃሉ። «ልጅዎ ችግር ነበረበት?» ከተባሉ «ኧረ ጨዋ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር» ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ዝምታ የሚመሰገን ነገር ስለሆነ ይህ መልስ ምንም አይነግረንም። በዝርዝር ይጠየቁ፦ ከማን ጋር ይጫወት ነበር? ምን ምግብ አልበላም ይል ነበር? እንግዳ ቤት ሲሞላ የት ይሄድ ነበር? ሠርግ ላይ ከበሮው ሲመታ ጆሮውን ይይዝ ነበር? ታላቅ እህት ወይም አክስት አንዳንዴ ከእናት የበለጠ ታስታውሳለች።

ታላቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር ያደግንበት ሥነ ሥርዓት መሆኑንም ለመርማሪው ይንገር። ከጓደኛው ጋር ሲጫወትስ ዓይኑ የት ነው? የሚጠቅመው እሱ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ በዕለቱ ቢያለቅስና እምቢ ቢልስ?

የንግግር ቴራፒስት

ማልቀሱ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራውን አያበላሸውም፤ እንዴት እንደሚጽናናም ይመለከታሉ። ግን እንቅልፍ በሚይዘው ሰዓት ቀጠሮ አትቀበዪ፣ የሚወደውን መክሰስ ያዢ፣ የሚያስተኛ ሽሮፕ አትስጪው። ከታመመ ወይም ሌሊቱን ካልተኛ ደውለሽ ንገሪያቸው። ሲያልቅም «ዛሬ ያያችሁት የዘወትር ባሕሪው ነው?» ብለው ይጠይቁሻል፤ ካልሆነ አይደለም በያቸው፣ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።