ኦሽን ሲቲ ያየነው ቡናማ ወፍ ምንድነው? ጫጩት ይሁን ሌላ ዓይነት ግራ ገብቶኛል

ማሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ሜሪላንድ ባሕር ዳር ያለችው ኦሽን ሲቲ ወርደን ነበር፣ እና በጠዋት ሰው ሳይበዛ አሸዋው ላይ አንድ ቡናማ ወፍ አየን። በቁመት እዛ ከሞሉት ራሳቸው ጥቁር ሆዳቸው ነጭ ከሆኑት ሲጋል ከሚባሉት የባሕር ወፎች ጋር እኩል ነው ግን መልኩ በፍፁም አይገናኝም፣ ጀርባው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው፣ ምንቃሩም እግሩም ጥቁር። ከአንዱ ትልቅ ኋላ ኋላ እየሄደ አንገቱን ቀብሮ ይጮሃል፣ ከዛ ትልቁ በርሮ ሄደና ብቻውን ቀረ። የ7 ዓመቷ ልጄ እናቱ ጥላው ሄደች ቤት እንውሰደው ብላ አለቀሰችብኝ። ምን ዓይነት ወፍ ነው? መርዳት ነበረብን እንዴ?

የዝዋይ_ልጅ፦
እህቴ እሱ ላፊንግ ጋል የሚባለው የሲጋል ዓይነት ነው፣ የዘንድሮ ልጅ፣ ያ ራሱ ጥቁር የሆነው ደግሞ ወላጁ። ሁላችንም መጀመሪያ ቀለም ስለምናይ ነው የምንሳሳተው። ያ ቅርፊት ያልሽው ነገር ዋናው ምልክት ነው፣ የልጁ ላባ በአንድ ጊዜ ስለሚበቅል ገና አዲስ ነው፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ፈዘዝ ብሎ እኩል ተሰድሮ ይታያል። ትልልቆቹ ግን በነሐሴ ላባቸው አርጅቶ የሚቀይሩበት ጊዜ ስለሆነ እዚህም እዚያም ጎደል ብሎ ታያለሽ። ሲበር ካየሽው ደግሞ ጅራቱ ጫፍ ላይ ሰፊ ጥቁር መቀነት አለው፣ ከሱ በላይ ነጭ ነው። አንገቱን ቀብሮ የሚጮኸው ምግብ እየለመነ ነው፣ እናትም አባትም ያበሉታል። እኔ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ እዛም ራሳቸው ግራጫ የሆኑት ጋሎች ልጆቻቸው ቡናማ ስለሆኑ ስንት ጊዜ ሌላ ወፍ መስለውኛል።

አቤል_ባልቲሞር፦
ልክ ነው፣ ግን ሄሪንግ ጋል ከሚባለው ከሌላው የሲጋል ዓይነት ልጅ ጋር እንዳይምታታብሽ። እሱም ቡናማ ነው ግን በጣም ግዙፍ ነው፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ እግሩ ሮዝ። ሄሪንግ ጋል የትልቁን መልክ እስኪይዝ 4 ዓመት ይፈጅበታል፣ ላፊንግ ጋል 3 ገደማ፣ በመሃል በየዓመቱ መልካቸው ይለዋወጣል። ፎቶ ካነሳሽ መርሊን የሚባለው የወፍ ዓይነት የሚለይ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አፕ ውስጥ አስገቢው፣ ነፃ ነው።

ሃና_ዲሲ፦
እኔ ስለ መርዳቱ ልበል፣ እባካችሁ አታንሱት። ወላጁ ምግብ ፍለጋ ነው የሚሄደው፣ ሰው አጠገቡ ከቆመ ደግሞ አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ህግም የዱር ወፍ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። እዛው ኦሽን ሲቲ አጠገብ ያለችው አሳቲግ ደሴት ከሄዳችሁ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል የአሸዋ ቀለም ያላት ትንሽዬ ወፍ አለች፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ የገባች። ጫጩቶቿ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸው እየሮጡ ይለቅማሉ፣ ግን ገና አይበሩም፣ አደጋ ሲያዩ አሸዋው ላይ ልጥፍ ስለሚሉ ሰው ሳያይ ይረግጣቸዋል። እናቲቱ ክንፏ እንደተሰበረ ሆና እየተጎተተች ከፊታችሁ ከሄደች ከልጆቿ እያራቀቻችሁ ነው፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ገመድ የታጠረበትንም አትለፉ።

ማሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፎቶውን አሳድጌ አየሁት፣ አንዱ ላይ ክንፉን ዘርግቷል፣ ጥቁሩ መቀነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለልጄም አባቱ ዓሣ ሊያመጣለት ሄዶ ነው አልኳት፣ አሁን እስኪመለስ ድረስ ከሩቅ ቁጭ ብለን እንይ እያለች ነው። ባይኖኩላር ልገዛላት ነው፣ የቱን ትላላችሁ?

የዝዋይ_ልጅ፦
8 በ42 የሚለውን ውሰጂ (8 እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው)፣ ለሷ ከከበዳት 8 በ32።