«ደፋር» የተባለችው ሴት፦ የቃሉ ፍቺ ነው ወይስ የእኛ ፍርድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንድ ቃል ለወንድ ሙገሳ፣ ለሴት ነቀፋ ሆኖ ሲነገር ልዩነቱ ያለው በቃሉ ፍቺ ነው ወይስ በተናጋሪው ፍርድ? ነቀፋውስ በመዝገበ ቃላት ሊሰፍር ይገባዋልን?

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፦ ልዩነቱ የቋንቋ ጠባይ እንጂ የክፋት ምልክት አይመስለኝም። ቅጽል የሚመዘነው ከሚገልጸው ነገር ወገን ጋር ነው፤ «ትልቅ ጥጃ» ያልነው ከብት «ትንሽ በሬ» ካልነው ሊያንስ ይችላል፣ ይህንንም ማንም እንደ አድልዎ አይቆጥረውም። «ደፋር»ም ለወታደር፣ ለልጅና ለአማች ሲነገር ከእያንዳንዳቸው የሚጠበቀውን እያየ ይለዋወጣል።

የቡና ነጋዴ (ሴት)፦ መምህር፣ ምሳሌዎ ለመጠን እንጂ ለፍርድ አይሆንም፤ ጥጃው «ትልቅ» ስለተባለ አልተሰደበም። ባለፈው ኅዳር በጅማው ገበያ በሄርማታ መርካቶ ውስጥ ከቀረበልኝ ጆንያ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) ዘገንሁ፤ ፍሬውን ፈልፍዬ በጥርሴ ብነክሰው ለስላሳ ሆነብኝና ገና እንዳልደረቀ ተናግሬ ዋጋው እንዲቀነስ ጠየቅሁ። በዙሪያችን የቆሙት «ምን ዓይነት ደፋር ናት!» አሉኝ። ከእኔ በኋላ የመጣው ወንድ ያንኑ ጆንያ ፈትሾ ያንኑ ሲናገር ግን «ቡና ያውቃል» ተባለለት። ጆንያው አንድ፣ እርጥበቱም አንድ ነበር። «ባለሙያ»ንም ይመልከቱ፤ ስለ ወንድ ሲነገር ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይታሰበናል፣ ስለ ሴት ሲነገር ግን አስቀድማ የምትመጣልን ዶሮዋን በ12 ብልት አስተካክላ የምታወጣዋ ናት። ይህን ሙያ ከእናቴ ስለተማርሁት አላቃልለውም፤ የሚያሳዝነኝ መሐንዲሷ «ባለሙያ» ስትባል ስለ ወጥዋ የተወራ መምሰሉ ነው።

አናጢ፦ ነገሩ በጾታ ብቻ አይቆምም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለሦስት እግር በርጩማ «የጅማ ጥበብ» የሚለው ሰው፣ ሠሪውን «ጥበበኛ» ሲል አልሰማሁም።

መምህሩ፦ እኅቴ፣ በጆንያው ነገር ተረትቻለሁ። እኔ አንድ ቃል በተለያየ ወገን ላይ እንደሚለዋወጥ ነበር ያሰብሁት፤ እርስዎ ያሳዩኝ ግን አንድ ሥራ ሠሪው ሲለወጥ ስሙ እንደሚለወጥ ነው። በመዝገበ ቃላቱ ላይ ግን አቋሜ ይህ ነው፤ «ስለ ሴት ሲነገር ለነቀፋ ይውላል» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ፤ ካልተጻፈ ተማሪዋ ስድቡን ከገበያ ሰምታ ስትመጣ መዝገቡ «ጀግና» ብቻ ብሎ ይመልስላታል።